ሂውስተንን የሞላሁበት ወረቀት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሆሳዕና እሑድ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የሆቴሉን ፍራሽ ስትገለብጪ የያዘሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም በትራስ ተደግፈሽ ነው የምትቀመጪው? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ትንሹ ያኔ ጡት እንኳ አልጣለም ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብቶ በእንግሊዝኛ እየመለሰልሽ ይሆናል። ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከደኅናም ደኅና ነኝ ብል ውሸት አይሆንብኝም። ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ትንሽም ወፍሬያለሁ፣ ሥራዬንም አልጠላውም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አጥፍታ ዛሬ ምን ነካት እንዳትዪ። ውርርድ ተሸንፌ ነው የምጽፍልሽ። ታዝዤ ነው እንጂ በራሴ የተነሳሁ እንዳይመስልሽ። ኩራቴን ታውቂዋለሽ፤ ይኼንን ከፊት ለፊት ባላስቀምጠው ብዕሩም እሺ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ሪከንባከር ከሚባለው የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ አንድ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ከምንኖርበት ሰፈር ከሊንደን አራት ሆነን በአንድ መኪና እንመላለሳለን። መኪናው የጁነዲን ነው፣ የሚነዳውም እሱ ነው፤ ሚስቱ ፍርዶስ ከጎኑ ትቀመጣለች። ከኋላ እኔና ጋሼ ሳህሌ ነን። ጋሼ ሳህሌ ከእኔ ሥር ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስልሳ አምስት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው፤ ሲስቁ እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ ይሰማኛል። ኤልዳና የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር አለ። የተሸነፈ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ይቀራል። ሰዉ ታዲያ ገና ሳይጀመር ማን ማንን እንደሚያሸንፍ እስከ ዋንጫው ድረስ ወረቀት ላይ ይሞላል። ብራኬት ይሉታል። ዘንድሮ የከተማችን ቡድን እንኳ ሳይገባ ቀርቶ ከመሙላት የቀረ ሰው የለም። ጁነዲን እኛንም ካላስገባሁ ብሎ ወረቀቱን መኪና ውስጥ አደለን። ፍርዶስ ገንዘብ ከገባበት የለሁበትም፣ ያውም በረመዳን ብላ ቁርጡን ነገረችው። እኛም ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። ስለዚህ ውርርዱ በትእዛዝ ሆነ፤ አንደኛ የወጣ መጨረሻ የወጣውን አንድ ነገር ያዝዘዋል፣ ተሸናፊው እምቢ ማለት አይችልም።

እኔ ስለ ኳስ ምን አውቄ! ግን ስሞቹን ሳያቸው ለካ በየቦታው ሰው አለኝ። አሪዞናን አሳለፍኳት፤ ፊኒክስ ያለችው የእትዬ ዓለምነሽ ልጅ ስታመም በየቀኑ ትደውልልኝ ነበር። ሜሪላንድን ገና በመጀመሪያው ዙር አባረርኳት፤ የአጎቴን ሚስት ታውቂያት የለ! ቴነሲን እስከ ሩቅ ወሰድኳት፤ አንድ የናሽቪል ሰው ጎማዬ ፈንድቶ መንገድ ላይ ቆሜ ሳለ ቀይሮልኝ ስሙን እንኳ ሳይነግረኝ ሄዷል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ደግ የዋለልኝን እያሳለፍኩ፣ ያስቀየመኝን እየጣልኩ ሞላሁት። ጁነዲን አይቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጋሼ ሳህሌ ግን ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆይተው አዩት። ሂውስተን ማን አለሽ ልጄ አሉኝ። ማንም የለኝም አልኳቸው። ማንም የሌለሽን ነው ዋንጫ ያሸከምሽው ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ እጄ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አላውቅም።

ሂውስተን ማሸነፏን ቀጠለች። በሁለት ነጥብ፣ በመጨረሻዋ ሰከንድ፣ ብቻ ታሸንፋለች። ጁነዲን ደግሞ፣ ኳስ አዋቂው፣ ማርች ነው፣ ትንንሾቹ ትልልቆቹን ይጥላሉ ብሎ የሞላው ሁሉ ባዶ ቀረ። በዚህ ዓመት ትልልቆቹ አልወድቅም አሉ። ጋሼ ሳህሌ ልጄ ያለችበት ነው ብለው ፍሎሪዳን ይዘው ይመሩናል። ጠዋት ጠዋት መኪናው በሳቅ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ ሐሙስ ዕለት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ኤልዳና ኮል አደረገችልኝ። የጋሼ ሳህሌ ታላቅ እህት አገር ቤት ማረፋቸውን ነገረችኝ። ልጅ ሳሉ እናታቸው ስለሞቱባቸው ያሳደጓቸው እኚህ እህታቸው ናቸው። «ፕሊዝ እትዬ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳይሰማ። ፍራይደይ ማታ ነው ፍላይቴ። ሳተርደይ ጠዋት ሰው ሰብስበን እንንገረው፣ አሎን ሆኖ እንዳይሰማ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልል እችላለሁ?

ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ ሳህሌ ብራኬታቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሂውስተንሽን ፍሎሪዳ ታቃምሳታለች አሉኝ። ሳቅሁ። ዓርብም ሳቅሁ። እህቴ ለበዓል ምን ልላክልህ ብላኛለች፣ በርበሬ ልበላት ወይ ሽሮ ብለው አማከሩኝ፤ በርበሬ ይሻላል አልኳቸው። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስሁ።

ውሃው ሲወርድ ነው አንቺ ትዝ ያልሺኝ። ሂውስተን ቤትሽ ሳለሁ፣ አንቺም መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ቧንቧ ከፍተሽ አትወጪም ነበር። ውሃ በነጻ መሰለሽ እንዴ ብዬ በር እያንኳኳሁ ጮኼብሻለሁ። እናቴ ከሞተች አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ እኔ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። አሥራ አንድ ቀን ያዝሽው። በእነዚያ ቀናት ፀጉሬን ሠራሽኝ፣ ጫማ ገዛሽልኝ፣ የልጅነታችንን እያነሳሽ አሳቅሽኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ቤቱ በሰው ሞላና ተረዳሁ። ከዚያ በኋላ እንባዬ ሲደርቅ የታየኝ ሳቅሽ ብቻ ነበር። ያልኩሽን ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ እዚህ አልደግመውም። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ በር ላይ ቆመሽ አንዲት ቃል አልመለስሽልኝም።

አንድ ነገር ግን ጠይቄ አላውቅም። አንድ ወር ያልሞላት አዲስ መጤ፣ ሂውስተን ውስጥ ከአንቺ በቀር ማንን አውቅ ነበር? ያ ጠዋት ቤቱን የሞላው ግን ያደግንባት የደብረ ዘይት ሰው ነበር። ከዳላስ፣ ከኦስቲን፣ አንዷ እንዲያውም ከዴንቨር። እናቴን በስሟ ጠርተው የሚያለቅሱላት ሰዎች። አሥራ አንዱ ቀን ለካ እነሱን ስትለምኚ፣ ከሥራ ፈቃድ እስኪያገኙ ስትጠብቂ ነው ያለቀው። ባዶ ቤት እንዳልረዳ ብለሽ። እኔ ሁለት ቀን ይዤ ልፈነዳ ደርሻለሁ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ሳህሌን አረዳናቸው። የመጀመሪያዋ በር አንኳኪ እኔ ነበርኩ። እንዳዩኝ ገባቸው።

ለቅሶ ቤቱ ቀን ከቀን ሰው አልተለየውም። ፍርዶስ ሙሉ ድስት የጾም ምግብ ይዛ መጣች፣ ወንዶቹ ጥግ ላይ ካርታ ይጫወታሉ። ቅዳሜ ዕለት ሂውስተን ዱክ የሚባለውን ቡድን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከኋላ ተነስታ ጣለች አሉ፤ እኔ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ነው የሰማሁት። ሰኞ ዋንጫው ሆነ። ሂውስተንና ፍሎሪዳ! ጨዋታውን እንይ ብሎ የደፈረ ሰው አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑን ራሳቸው ጋሼ ሳህሌ ናቸው ክፈቱት፣ ድምፁን ብቻ አጥፉት ያሉት። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ሂውስተን በአሥራ ሁለት ነጥብ ስትመራ ጁነዲን ማድ ቤት ድረስ መጥቶ አበሰረኝ። መጨረሻ ላይ ግን ሂውስተኖች ኳሱ በእጃቸው እያለ፣ ሳይወረውሩት ሰዓቱ አለቀ። በሁለት ነጥብ ተሸነፉ። መወርወር ብቻ ነበር የቀራቸው።

በማግስቱ ሻይ ሳቀርብላቸው ጋሼ ሳህሌ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መቼ ነው የሰማሽው አሉኝ። ሐሙስ አልኳቸው፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሳቅ፣ በርበሬውም አሉኝ። አዎ አልኩ። እኔ እንደጮኽሁብሽ እንዲጮሁብኝ ጠበቅሁ። እጄን ይዘው፣ «አይ ልጄ፣ እንዴት ከብዶሽ ይሆን» አሉኝ።

እኔ ይህችን ቃል ነው ስድስት ዓመት የነፈግሁሽ። እንዴት ከብዶሽ ይሆን የኔ እህት! ይቅር በዪኝ።

ስልክሽን ድሮ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ፤ የቤትሽን አድራሻ ግን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ቤት ቀይረሽ ከሆነ ፖስታው ይመለስልኛል፣ ያኔ ዳላስ ያሉትን እጠይቃለሁ። የእኔን ስልክ ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። በዓሉን በሰላም ያድርስሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ ለእኔ ብለሽ የደበቅሽውን እንባ እግዚአብሔር በደስታ ይካስሽ።

ጁነዲን እንዴት እንደሚያሳዝን ብታዪ! ጋሼ ሳህሌ ከለቅሶው ተነስተው ሥራ እንደጀመሩ፣ ለአንድ ወር መኪና ውስጥ ስለ ኳስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ አዘዙበት። ከንፈሩን ነክሶ ነው የሚነዳው። ምን ያድርግ፣ መጨረሻ የወጣው እሱ ነው። ሦስተኛ ፍርዶስ፤ እኔ በሂውስተን ብርታት ሁለተኛ ነኝ።

አውቅሻለሁ፣ አሁን ስለ ውርርዱ ያልኩሽን ልታዪ ወደ መጀመሪያው ገጽ ልትመለሺ ነው። አትመለሺ።

አብሮ አደግሽ