ውሻ ተብለው ስለተሳፈሩ ሁለት ባሮ ሽንኩርቶች

ለ‹‹ሁልጊዜ አለንልዎ›› የመኪና ብልሽት ዋስትና ድርጅት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ፣ የመኪናዎም አራት ጎማዎች ነፋሳቸው ሳይጎድል እንደምን እንደከረሙ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ስለ እኔ የሚያስቡ ከሆነ፣ ከእናንተ ጋር ከተዋወቅሁበት ቀን ወዲህ እግሬ በእጅጉ በርትቷል፤ የምሄደው ሁሉ በእግሬ ነውና።

የምኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ ነው። በእኛ መንደር ሰው የሚከበረው በሀብቱ ወይም በልጆቹ ሳይሆን በጓሮው ባሮ ሽንኩርት ውፍረት ነው። የመስከረሙ ውድድር በመጣ ቁጥር ጎረቤቴ ራልፍ ዶድ አንደኛ ይወጣል፣ እኔ ሁለተኛ እወጣለሁ፣ እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹‹አይዞህ ካትበርት፣ ሁለተኛም እኮ ቁጥር ነው›› ይለኛል። ዘንድሮ ግን የእኔዎቹ ጥንድ ሽንኩርቶች የጎረምሳ ባት አክለው ነበር። ራልፍ በአጥር አጮልቆ ካያቸው ጀምሮ ሰላምታው ራሱ ቀዝቅዞ ነበር። እሱን አንድ ጊዜ አሸንፌ በመንደሩ ውስጥ ቀና ብዬ ልሄድ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ሽንኩርቶቼን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ስነዳ ጎማዬ ተነፈሰ። ስኮርታ አለኝ፣ ክሪክም አለኝ፤ የሌለችኝ የቆላፊው ብሎን ቁልፍ ነበረች። በየጎማው ላይ ሌባ እንዳይፈታው ልዩ ጥርስ የተሠራለት አንድ ብሎን አለ፤ እሱን የምትፈታው አውራ ጣት የምታክል ቁልፍ ብቻ ናት። እኔም እንዳትጠፋ ብዬ ደህና ቦታ አስቀምጫት ነበር። ቦታው በእርግጥም ደህና ነው፣ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ብሎኑን ግን አልወቅሰውም፤ ከሌባ እንዲጠብቅ ተገዝቶ ከባለቤቱም ጭምር ጠብቋል። ስለዚህ ወደ እናንተ ደወልሁ፤ ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ስልኩን ያነሳችው ልጅ እጅግ ጨዋ ነበረች። ‹‹ደህና ነዎት የኔ ጌታ? ያሉበት ቦታ አደጋ የለውም?›› አለችኝ። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ጣራው የተደረመሰበት ሰው እንኳ ከፍርስራሹ ሥር ሆኖ የሚመልሰው እሱኑ ነው። ‹‹ደህና ነኝ፣ ምንም አልል፣ የባሰም አለ። ሌሎቹን አስቀድሚ፣ እኔ አልቸኩልም›› አልኋት። ‹‹ምነው ሁሉም እንደ እርስዎ በሆነ›› አለችና ከሰልፉ መጨረሻ መዘገበችኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ደግሞ ደውዬ ‹‹ኧረ እቸኩላለሁ›› ማለቱ አሳፈረኝ። መንገድ ዳር ቆሜ፣ መኪኖቻችሁ ወደ ጮኹባችሁ ደንበኞች ሲከንፉ እያየሁ እጄን ሳውለበልብ አረፈድሁ። ጨዋነትን እንዲህ አክብሮ ከኋላ የሚያሰልፍ ሌላ ድርጅት አላውቅም።

ሁለተኛ፦ ስሙን እንዳልጠቅስ አጥብቆ የለመነኝ ባልደረባችሁ ዌይን በመጨረሻ ደረሰ። መኪናዬን ዞሮ አየና ‹‹ጋሼ፣ ስኮርታው አለ፣ ክሪኩ አለ፣ እኔም ይኸው አለሁ። ቁልፏ ከሌለች ግን ሦስታችንም ትርፍ ነን›› አለ። በውላችሁ መሠረት ቁልፍ የጠፋበት ሰው ይጎተታል እንጂ አይፈታለትም፤ ይህን ያህል ግልጽ ውል ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ፣ ፊደሉ ብቻ ትንሽ ቢያንስ ነው።

ሦስተኛ፦ ሽንኩርቶቼን ታቅፌ ልሳፈር ስል፣ ጫኝ መኪናችሁ ሰውና ውሻ እንጂ አትክልት እንደማያሳፍር ተነገረኝ። ዌይን ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ስልኩን አነሳና ‹‹አንድ ሽማግሌና ሁለት ውሾች›› ብሎ አስመዘገበ። ‹‹ይናከሳሉ?›› ቢሉት ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አየና ‹‹ኧረ፣ ድምፃቸውም አይሰማ›› አለ። ቀበቶ አሰርንላቸውና ተነሣን።

አራተኛ፣ እሱም ዋናው፦ ወደ ጋራዡ የሚወስደው መንገድ በውድድሩ አዳራሽ ደጃፍ ያልፋል። የአዳራሹ በር እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ እኛ ስንቃረብ ገና ክፍት ነበር። ‹‹ዌይን ወንድሜ፣ እዚህች ጋ አውርደኝ›› አልሁት። ‹‹አልችልም ጋሼ፣ ብቆም ቢሮዎቹ በመከታተያው ያዩኛል። ከጋራዥ በፊት መቆም የሚፈቀደው ውሻ ሽንቱ ሲመጣ ብቻ ነው።›› ‹‹ታዲያ ሁለት ውሾች ጭነን የለም እንዴ?›› ስለው አሰብ አደረገና ፈቃድ ለመጠየቅ ደወለ። ጠብቁ ብላችሁ ሙዚቃ ከፈታችሁልን። ሙዚቃው እየተጫወተ ወደ አዳራሹ ቀረብን፣ ሙዚቃው እየተጫወተ አዳራሹን አለፍነው። ራልፍ በሩ ላይ ሽንኩርቶቹን ታቅፎ ቆሟል፤ ሲያየኝ ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። እኔም የአገሩ ወግ ነውና ከመስኮቱ እጄን አውጥቼ አጸፋውን መለስሁ። ፈቃዳችሁ የደረሰው ጋራዡ ግቢ ከገባን፣ የአዳራሹም በር ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ክቡር ሆይ፣ አዘንሁ። የዓመት ልፋቴ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ከጎኔ ሲጠወልግ ዐይኔ እያየ ምንም ማድረግ አልቻልሁም። ማታ ራልፍ ዋንጫውን በብብቱ ይዞ መጣና ‹‹አንተ ሳትኖር ማሸነፍ እንዴት እንደሚያሳፍር አትጠይቀኝ። ቢሆንም እንደምንም ተቀበልሁት›› አለኝ። ‹‹እንኳን ደስ ያለህ፣ ይገባሃል›› አልሁት። ምን እንድል ኖሯል?

እንግዲህ ስለ ፍጥነታችሁ፣ ስለ ምርጥ ሙዚቃችሁ፣ ይልቁንም ለውሻ ስለምታሳዩት ርኅራኄ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ እኔን በጎተታችሁበት እንክብካቤ ለእርስዎም የሚደርስልዎ እንዲያገኙ እመኛለሁ።

በሁሉም ሰልፍ ከኋላ የማይጠፋው፣
አክባሪዎና ታዛዥ ደንበኛዎ
ካትበርት ሄድሊ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በላካችሁልኝ መጠይቅ ‹‹አገልግሎታችንን ለወዳጅዎ ይመክራሉ?›› ብላችኋል። ለወዳጅስ አልመክርም። ለራልፍ ግን የመጪውን መስከረም የሚያካትት የአንድ ዓመት ዋስትናችሁን ገዝቼ በስጦታ ሰጥቼዋለሁ፤ ስለማያውቃችሁ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።