የአባታችን በርና የትራክተሩ ቅስት

ለወንድሜ ለባጫ፤

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ላርም። ጎረቤታችሁ ኮከቤ ለዓይኗ ሕክምና መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታለች፤ ገበያ ላይ ስለ እኔ የሚወራውንም ነግራኛለች። «ደሚቱ አእምሮዋ ተነክቷል፤ አብነት አንድ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ከትራክተር ጋር ታወራለች» ይባላል አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በመጀመሪያ፣ ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ቁጭ አልልም፤ መቀመጫ የለም። ሦስተኛ፣ ከትራክተሩ ጋር አላወራም፤ እለካዋለሁ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ የምናገረው መካኒኩ እንዲጽፈው ነው። ለሚጠይቅህ ሁሉ ይህንኑ ንገርልኝ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ ቁልቁል ስትወርድ ያምህ የነበረው ተሻለህ? ባለቤትህ ፋዮ እህል መቅመስ ጀመረች ወይስ ዛሬም ሌላውን አብልታ እሷ ትነሣለች? ብርዱስ? በልጉ ጠብ ብሏል ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴን በሰዓቱ እወስዳለሁ። አላለቀስኩም። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፤ ኮከቤ አይታኝ ስለምትመለስ ከእሷ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ልጅህን ቤካን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ቁጥር ነው። ሌላ አይመጣልኝም።

በጥር ስትደውልልኝ «እቴቴ፣ ይሄን ትራክተር ሽጠን ሰፋ ያለውን እንግዛ ወይስ ይሄንኑ እናሠራው? ወረቀቱ በስምሽ ነው፤ ልክም የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያልሽውን እናደርጋለን» አልከኝ። መልሴ ሁለት ወር ዘገየ። የዘገየው በመጨረሻዋ ቃልህ ምክንያት ነው። ትራክተሩ የመጣ ቀንም «ያልሽውን እናደርጋለን» ብለህ ነበር።

የሆነውን ታውቀዋለህ። ነገር ግን እስከ ዛሬ በጽሑፍ አልሰፈረም፤ ይስፈር። ትራክተሩ እናንተ ዘንድ ጀልዱ የገባ ቀን ከመቀመጫው ኋላ ቅስት ብረት ቆሞበት ነበር። ቢገለበጥ ሹፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድነው ያ ብረት ነው። ከፍታው ከመሬት ሁለት ሜትር ከሃያ አራት ነበር። የግቢያችን በር ደግሞ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ነው። አባታችን የጥዱን አግዳሚ ዝቅ አድርጎ የገጠመው ማንም ፈረሰኛ ሳይወርድ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ብሎ ነው። ቤካ «ውጭ ይደር፣ እኔ አጠገቡ እተኛለሁ» አለ። አንተ «በሩን እናንሣው እቴቴ፤ እንጨት ነው፣ ሌላ እንሠራለን» አልክ። እኔ ነኝ «ትራክተሩ የትናንት ነው፣ በሩ የአባታችን ነው፤ ብረቱ ይቆረጥ» ያልኩት። በያጅ ከከተማ ያስጠራሁትም እኔ ነኝ። ቤካ ብረቱ ሲወድቅ ስቆ «አክስቴ አዳዳ፣ በሬያችንን ቀንድ አልባ አደረጉት እኮ» አለኝ። ከዚያ በበሩ ሥር አሳለፈው፤ አጨበጨብን።

በሰኔ ቤካ ላይኛው ማሳ ጫፍ ሲያዞረው የላይኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ ትራክተሩ ተገለበጠበት። ሞተሩ ሳይጠፋ ነው የተገኘው። አስከሬኑ ከግቢ ሲወጣ የተሸከሙት ሰዎች በሩ ሥር ሲደርሱ ቃሬዛውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ጎንበስ ብለው አሳልፈው እንደገና አነሡት። ከኋላ ሆኜ ያየሁት ያንን ነው። አንተ በለቅሶው ሁሉ ስለ ብረቱ አንድ ቃል አልተናገርከኝም። እስከ ዛሬም አልተናገርክም።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ትራክተሩን ከጀልዱ በአይሱዙ ጭነት መኪና ያስመጣሁለት መካኒክ ተስፋሚካኤል ይባላል፤ አብነት ውስጥ ጠባብ ግቢ አለው፤ ሰውየው እጁ ንጹሕ አይደለም፣ ሥራው ግን ንጹሕ ነው። መጀመሪያ «እማማ፣ ይሽጡትና ይገላገሉ፤ ሰፊ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት አገኝልዎታለሁ» አለኝ። ሰፊውን ሄጄ ለካሁት። ከጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ ሁለት ሜትር ከዐሥራ አምስት ነው። ከግቢያችን ወደ ማሳው የሚያወጣው መንገድ፣ ገደሉ ጋ ሲደርስ፣ ሁለት ሜትር ከዐሥር ነው፤ በመስቀል ሰሞን መጥቼ በገመድ የለካሁት አሁን ጠቀመኝ። አንዱን ሞት ለማምለጥ ሌላው አፋፍ ላይ መውጣት ይሆናል። ሰፊው ቀረ።

ሌላ ሳንገዛ ይሄን ብቻ ስለ መሸጥም አስቤያለሁ። ገዢ መጥቶ ነበር፤ ጨዋ ሰው ነው። የት እንደሚያርስበት ጠየቅሁት። «ዳገት ነው እናቴ፣ ሜዳማ ቦታ ማን ይሰጠናል?» አለኝ። ማን እንደሚነዳው ጠየቅሁት። «አማቼ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው» አለኝ። እንደማይሸጥ ነገርኩት። ተስፋሚካኤል ሰውየው ከወጣ በኋላ «ታዲያ ለምን አደከሙት?» ብሎ ተቆጣኝ። ቤካም ጎበዝ ልጅ ነበር አላልኩትም።

ወደ በሬ እርሻ እንመለስ እንዳልልህ በሬዎቹን ትራክተሩ ሲመጣ ሸጠናቸዋል። ልጅህ ሌንሳም ደውላልኛለች። የወንድሟን ነገር አላነሣችም። «አዳዳ፣ ዝናቡ ከመጣ በነበረበትም ቢሆን አርሳለሁ፤ እርስዎ ሲለኩ መሬቱ ጦም አያድርም» አለችኝ። ንግግሯ ድፍረት አለበት፤ ግን ስህተት የለበትም። በነበረበት፣ ያለ ቅስት፣ እንደማትነዳው ልነግራት ፈልጌ ተውኩት። እኔ መናገሬን ትቼ መሥራት ያለብኝ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ይሠራል። የኋላ ጎማዎቹ ቸርኬ፣ ጎማው የሚያርፍበት ብረት፣ ተገልብጦ ወደ ውጭ ተገጥሟል፤ በዚህ ብቻ እግሩ ሃያ አራት ሳንቲም ሰፍቷል፤ በመንገዱም በደንብ ያልፋል። ጎማዎቹ ውስጥ እስከ ወገባቸው ውሃ ገብቷል፤ ክብደቱ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። አፍንጫው ላይ የብረት ክብደት ታስሮለታል፤ ሽቅብ ሲወጣ ፊቱን እንዳያነሣ። መቀመጫው ቀበቶ አለው። የቀረው ቅስቱ ነበር። ተስፋሚካኤል «የሚታጠፍ ልሥራልዎት፤ በሩ ጋ ስትደርስ ታጥፈዋለች፣ ስታልፍ ታቆመዋለች» አለኝ። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሌንሳን አውቃታለሁ፣ የዝናብ ቀንንም አውቃለሁ። የሚታጠፍ ብረት አንድ ቀን ሳይቆም ይቀራል። የማይታጠፍና የማይፈታ ይሁን ብዬዋለሁ። ትናንት ቅስቱን በየደው፤ ለካሁት፤ በግራ በኩል አራት ሚሊ ሜትር አጥሯል፤ ይፈታ አልኩ። «እማማ፣ ትራክተር እኮ ነው፣ ቀሚስ አይደለም!» አለኝ። ቀሚስ ቢሆን አልፈው ነበር አልኩት። እየሳቀ ፈታው።

ቅስቱ በድሮው ከፍታ ይቆማል፤ ሁለት ሜትር ከሃያ አራት። ከበሩ በዐሥራ ዘጠኝ ሳንቲም ይበልጣል። ስለዚህ በሩ ይነሣል። ላይኛው ማሳም ከእንግዲህ አይታረስም፤ ሣር ይሁን፤ ለሌንሳ ይህን እንደ አባት ንገራት፣ እኔም ስመጣ በካስማ ከልዬ አሳያታለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በሩን አትንኩት። ልጆችም ጎረቤትም እንዳይነካው። ከትራክተሩ ጋር በአይሱዙው አብሬ እመጣለሁ፤ ከሹፌሩ አጠገብ ቦታ ይዣለሁ። ብረቱን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አግዳሚውን የምቆርጠውም እኔ ነኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዳታስታውሰኝ። ሲደክመኝ አርፌ እቀጥላለሁ። አንተ መሰላሉን ያዝልኝ። ያን ቀን «ያልሽውን እናደርጋለን» አትበለኝ፤ የምትለው ካለህ በለኝ፤ እሰማሃለሁ።

ፋዮን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ገብስ ደርሶኛል፣ ነቀዝ የለበትም። ሌንሳን ሰላም በልልኝ፤ ቀበቶውን ማሰርና መፍታት ከአሁኑ በገመድ ትለማመድ። ትንሿ ልጅህ ሶረቲ የስምንትን ማባዣ ጨርሳ ትጠብቀኝ፤ እጠይቃታለሁ። የቤካን ውሻ ማን እንደሚያበላው አልነገርከኝም፤ ንገረኝ።

ነገ የምሠራውን ልጻፍልህና ላብቃ። ማለዳ ኮከቤን መናኸሪያ አድርሼ ይህን ደብዳቤ በእጇ እሰጣታለሁ። ከዚያ አብነት ወርጄ ቅስቱን በግራም በቀኝም እለካለሁ። ልክ ከሆነ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ መጋዝ እገዛለሁ፤ ለእጄ የሚመጥን፣ እጀታው የማይንሸራተት።

እህትህ ደሚቱ
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.