ድንጋይ ወርዋሪዎቹና ጭራሮ

ጥር 6
ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። የቀረችኝ ፀጉር መቀስ የምታሳፍር ናት... ፀጉር አስተካካዩ ግን ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል። የሚቆርጠው ኖሮ አይደለም፤ ክርክሩ እንዳይቀዘቅዝበት ነው። የዛሬውም ያው የዘወትሩ፦ በቅርጫት ኳስ የምንጊዜውም ታላቅ ማነው?

ጥርስ ሐኪሙ ስልኩን ይዞ ተሰይሟል። አርባ ያልሞላው ልጅ። ያላየውን ዘመን ከስልክ እያነበበ ይፈርድበታል። ለእሱ ታላቁ ያ ከመሐል ሜዳ እየወረወረ የሚያገባው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ ምላሱን አውጥቶ አየር ላይ ይንሳፈፍ የነበረውን መላጣ እንጂ ሌላ አያውቅም። ፀጉር አስተካካይ መላጣ ሲያመልክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የኔው የታወቀ ነው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ባለ ፂሙ። አሥራ አንድ ጊዜ! ምን ክርክር ያሻል?

በእናንተ ዘመን እኮ ጋሼ በግራ እጁ በወጉ ማንጠር የሚችል አልነበረም አለኝ ሐኪሙ። እንዳንተ ሕመምተኞች የተሰቃየ ሰውም አልነበረም አልኩት። ቤቱ ሳቀ።

ከዚያ ጨረስኩለት። "ያንተዎቹ ድንጋይ ወርዋሪዎች ናቸው። ማንጎ ሊያወርዱ የመጡ። ቅርጫቱ ሥር መግባት ወኔ ይጠይቃል።"

ጭራሮ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። የልጄ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከላይ እስከ ታች እግር ብቻ። እሷ አልሳቀችም። አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩ የገባት እሷ ብቻ...

ጥር 9
ሐኪሙ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ጥርስዎን በነጻ ልይልዎት አለ። ምላሴን ሊያገኛት ፈልጎ ነው። አልሄድም።

ጥር 13
ከጭራሮ ጋር ሜዳ ወረድኩ። ከሰፈሩ ጀርባ ያለው፤ አንደኛው ቅርጫት መረብ የለውም፣ ሌላኛው ቀና ብሎ አያውቅም። የሴቶች ክለቡ የተጫዋቾች ምርጫ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከአርባ ልጅ አሥራ ሁለት ነው የሚወሰደው። ክለቡ ካልወሰዳት መጫወቷ አበቃ፤ ሌላ የሴቶች ቡድን በአካባቢው የለም።

ወጣት ሳለሁ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ቡድን ስጫወት አገባባት የነበረችውን የጎን ውርወራ ላሳያት ብዬ ትከሻዬ ቀጭ አለ። እሷ ግን ፀጉር ቤት ያልኩትን ይዛዋለች። ኳስ ከሦስት ነጥብ መስመሩ ውጭ ሲደርሳት አትወረውርም። ተንደርድራ አብረዋት የሚጫወቱት ረጃጅም የሰፈር ልጆች መሐል ትገባለች፣ ሰሌዳ ታስነካለች፣ ታገባለች። ቁርጥ እኔን! ሁለቴ አገባች። ስድስቴ ወደቀች...

ክርኗ ተልጧል። ምንም አይደለም አለች። እኔም ምንም አይደለም አልኩ።

ጥር 17
ምራቴ፣ የጭራሮ እናት፣ ስትቆጣ አትጮህም፤ ልብስ ታጥፋለች። ዛሬ አንዱን ሸሚዝ አራት ጊዜ አጠፈችው። ገና በሁለተኛው ነው ነገሩ የኔ መሆኑን ያወቅኩት።

የክለቡ አሰልጣኝ ጭራሮን ልምምድ ላይ አይታት ለምራቴ ደውላ ነበር። ልጅቱ ፈጣን ናት፣ እጇም ጥሩ ነው፤ ግን ባዶ ቦታ ቆማ እንኳ ከሩቅ አትወረውርም አለች። ያን ቅጥነት ይዛ ከረጃጅሞቹ ጋር ትላተማለች። እንዲህ ከቀጠለች አልወስዳትም። ለምን አትወረውሪም ብላ ስትጠይቃት ምን አለች? አያቴ ድንጋይ ውርወራ ነው ይላል።

ልስቅ ነበር። አልመጣልኝም።

"አባባ፣ እርስዎ የሚቀልዱት ከሐኪሙ ጋር ነው" አለች ምራቴ። "የምትሰማዎት ግን እሷ ናት።"

ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ማን ሰምቶኝ ያውቃል? ልጄ አልሰማኝም። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስናገር ሬዲዮ ነበር የምትከፍተው። ሰሚ የለኝም ብዬ አይደል አፌን እንዲህ የለቀቅኩት... አሁን ይቺ ከየት መጣች?

ጥር 18
ከሩቅ ወርውሪ አልኳት። ሳቀች። እየፈተንከኝ ነው አባባ አለች። የምሬን ነው አልኳት። የባሰ ሳቀች።

ቀልደኛ ሰው የምሩን ሲናገር ምስክር መጥራት አለበት ለካ።

ጥር 20
ጥርስ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። በእግሬ። ወንበሩን ወደኋላ አጋድሞ አፌን በመብራት ሲመረምር እንዴት ደስ ብሎታል! ሁለት ጣት አፌ ውስጥ ከቶ ስለ ባለ ፂሙ ይጠይቀኛል። ፈሪ። ሰው አፉ ተከፍቶ እንዴት ይመልሳል?

ጣቱን ሲያወጣ የመጣሁበትን ነገርኩት። ሐሙስ ጭራሮን ይዤ ፀጉር ቤት እመጣለሁ፤ ስለ ድንጋይ ወርዋሪዎችህ የምታውቀውን ሁሉ ተናገር አልኩት።

"አንዴ ብቻ አሸንፈኝ። እሷ ባለችበት።"

ይሳለቅብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጓንቱን አወለቀና ስንት ሰዓት ላይ ነው ጋሼ አለኝ። አልወደድኩለትም። ጨዋነት አያምርበትም።

ጥር 22
ሐኪሙ ስልኩን እንኳ አላወጣም። ማበጠሪያና የመላጫ ክሬም ደረደረ። ማበጠሪያዎቹ ተከላካዮች፣ ክሬሙ ቅርጫት። ጠርሙስ ደግሞ ራቅ አድርጎ አቆመ፤ ወርዋሪው። ይሄኛው ከሩቅ የማይወረውር ከሆነ ማን ይጠብቀዋል? ማንም። አምስቱም ቅርጫቱ ሥር ይከማቻሉ። መወርወር ከቻለ ግን... ሁለት ማበጠሪያ ወደ ጠርሙሱ ሳበ። መሐሉ ወለል ብሎ ተከፈተ።

"ለሚገባው ሰው በሩን የሚከፍትለት እኮ ወርዋሪው ነው ጋሼ።"

እንደተነጋገርነው ዝም ልል ነበር የመጣሁት። ችግሩ... ነገሩ እውነት መሰለኝ። ያን ክፍተት አየሁት። በማተሚያ ቤቱ ቡድን ስንት ዓመት ጎድኔን የተመታሁት ያ ክፍተት ስላልነበረ ነው? ከዚህ ጥርስ ነቃይ ልማር?

"ይሄን አላሰብኩትም" አልኩ።

መቀሱ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ አየኝና አሞዎታል እንዴ አለ። ጭራሮ ማበጠሪያዎቹን አፍጥጣ ታያለች። ከዚያ እኔን። እንዲህ ያለ ዓይን... አንድ ነገር የሰረቅኳት ይመስል።

ጥር 23
ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ። ከመስመሩ ውጭ ትወረውራለች፣ እኔ እየሄድኩ አመጣለሁ። እስከ ሰማንያ ድረስ ቆጠርኩ። አብዛኛው ኳስ እንደ ፈራ ዶሮ አጥር ዘሎ ይሄዳል። ከአፌ ክፉ ቃል አልወጣም። ከትከሻዬ በላይ ያመመኝ እሱ ነው።

ጥር 27
የምርጫው ቀን። ጎረምሶች የሚያፏጩበት አዳራሽ፣ ወገብ የሚቆርጥ አግዳሚ ወንበር። መጀመሪያ ባዶ ቦታ ኳስ ሲደርሳት ቀና ብላ እኔን ፈለገች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል! ምን ላድርግ? ፊቴን አዞርኩ። ግድግዳ አየሁ። ወረወረች፤ ሳተች። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ወደኔ አልዞረችም። መረቡ ሲንሿሿ ሰማሁ። ከዚያ አንዷ ረጅም ልትጠብቃት ወጣች፣ ጭራሮም በጎኗ ሾልካ ገባች...

ስሟ ተጠራ። አሥራ አንደኛ። ምራቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ለካ ቆሜ ነበር።

የካቲት 2
ምሳ ላይ ጎድኔን ስለተመታሁበት የፍጻሜ ጨዋታ ማውራት ጀመርኩ። ወትሮ ጭራሮ ማንኪያዋን አስቀምጣ ነበር የምትሰማኝ። ዛሬ መብላቷን አላቆመችም።

"አባባ፣ አንተን እኮ ማንም መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር" አለች ቀና ሳትል። "ትቶህ ቅርጫቱ ሥር መጠበቅ ነው። ራስህ ትመጣለህ።"

ልጄ ሳቁን በውኃ ዋጠ። ምራቴ ወደ ጓዳ ሮጠች። እሷ እቴ፣ ጨው አቀብለኝ አለችኝ።

እንዲህ ያለ ንቀት በዚህ ቤት ከኔ በቀር የሚችልበት አልነበረም። አቀበልኳት።