አምፖሏን ላልነቀልኩባት ማኪናዬ ቦሎ ስለመጠየቅ

ኅዳር 1976 ዓ.ም.
ቀጨኔ፣ ጉለሌ

ለተከበሩ ጓድ ወልዱ
የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰቡስ? እኛ የቀጨኔ ሰዎች ከአቀበቱ በቀር ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ስለሆኑ፣ ሰፈርተኛው አስቀድሞ አንብቦ እንዲያስታውስዎት በማሰብ ነው።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሰኞ ለዓመታዊ ምርመራ ስቀርብ የማኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ ቀዩ የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት መብራቱን በመስኮት አይተው፣ አንድ ክንድ እንኳ ሳያስነዱኝ «አላለፈችም» ብለው ጻፉ። ፍሬኗ ደኅና መሆኑን፣ መካኒኩ አማን አራቱንም ጎማ ፈትቶ ማየቱን፣ የተበላሸው ወደ መብራቱ የሚሄደው ሽቦ ብቻ መሆኑንና ዕቃው ከየመደብሩ መጥፋቱን ባስረዳዎት፣ «እኔ የማየው መብራቱን ነው፤ ፍሬኑን እርስዎ ይወቁት» አሉኝ። ሥራ እንዲህ ሲከፋፈል ደስ ይላል።

2ኛ. ከፊቴ ተሰልፋ ስለነበረችው አረንጓዴ ማኪና። የባለቤቷን ስም አልጠራም፤ ጎረቤቴ ነው፣ ዕድራችንም አንድ ነው። ፍሬኗ ሦስት ጊዜ ካልተረገጠ እንደማይዝ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ባለቤቷ ግን በዋዜማው ዊንጌት ወስዶ የማስጠንቀቂያ መብራቷን አምፖል አስነቅሎ መጣ፤ እርስዎም ዳሽቦርዷን ጥርት ብሎ ስላገኙት ቦሎውን በገዛ እጅዎ ለጠፉላት። አማን ለእኔም «ጋሼ ቦጋለ፣ እኔም ልንቀለውና ይገላገሉ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ለሰው እንደማይጠቅም ባልክድም፣ ሽቦው የተገኘ ዕለት ማኪናዬ የምትናገርበት አፍ ይኑራት ብዬ ነው። የምትናገር እንደምትቀር፣ ዝም ያለች እንደምታልፍ አለማወቄ የእኔ ጥፋት ነው፤ መንዳት አስተማሪ ሳይኖረኝ ብቻዬን ስለተማርኩ ይህ ትምህርት አምልጦኛል።

3ኛ. የእህቴ ልጅ የዓለምወርቅ ወሯ ገብቷል። በመንደራችን ምጥ ሲመጣ የሚጠራው እኔ ነኝ፤ እስካሁን አምስት ሴቶች ጳውሎስ ሆስፒታል አድርሻለሁ፣ አንዷም መንገድ ላይ አልወለደችም። አሁን ያለ ቦሎ ብወጣ ትራፊክ ይይዘኛል፤ የተፈቀደላት አረንጓዴዋ ናት። ያን ቁልቁለት በሦስት ርግጫ ፍሬን የምትወርደው ግን የዓለምወርቅ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ልመናዬ አጭር ነው። ቁልቁለቱ አናት ላይ ይምጡና የእኔንም አረንጓዴዋንም ማኪና እየነዱ ፍሬናቸውን ይርገጡ። የእኔ ካልቆመች ታርጋዋን ራሴ ፈትቼ አስረክባለሁ። ከቆመች ግን ምጡ ሳይቀድመን ቦሎዬን ይስጡኝ።

ለአምፖል ያለዎትን ጥልቅ አክብሮት ከልብ እያደነቅኩ፣ ዕድሜና ደልዳላ መንገድ እመኝልዎታለሁ።

የዓለምወርቅ አጎት
ቦጋለ ዋቅጋሪ

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ሊቀ መንበር
ለመካኒክ አማን
ለአረንጓዴዋ ማኪና ባለቤት (ስሙን አልጠራሁም)

የተረሳ ነገር፦ ባለፈው ሐሙስ ለስብሰባ ወደ ቀበሌያችን ሲመጡ፣ የቆመችው የመሥሪያ ቤትዎ ማኪና ቁልቁል መንሸራተት ስትጀምር ከጎማዋ ሥር የወሸቅኩት ድንጋይ የእኔ ነው። በእኛ ሰፈር እያንዳንዱ ማኪና የራሱ ድንጋይ አለው፤ ሹፌርዎ ግን የመሥሪያ ቤቱ ንብረት መስሎት ጭኖት ሄደ። ቁልፉን ሲከፍት በመስኮት አየሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልበራም፣ ልክ እንደ አረንጓዴዋ እጅግ ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን አይመልሱልኝ። የእኔ ማኪና ፍሬን አላት።