ልጅሽን ያስጠናኋት መልስ

ለውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔስ ልጅሽን ልከስሳት ነው፤ ለአብራሪነት ቃለ መጠይቅ ስትሄድ የጫማ ቀለሜን ሙልጭ አድርጋ ጨረሰችብኝ።

ፈታኝ ሆኜ ያለማመድኳትም እኔው ነኝ። «ካፒቴኑ ሲሳሳት ብታዪ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«እነግረዋለኋ፣ ጋሼ!»

«አንቺ ደፋር! ‹ካፒቴን አይሳሳትም› በያቸው። ታላቅ አክባሪነትሽን ይወዱልሻል።»

እየሳቀች አጠናችው።

ትናንት ይህን ለጎረቤታችን፣ ለጡረተኛው አብራሪ፣ በኩራት ነገርኩት። አልሳቀም። «እኛ ካፒቴኑ ሲሳሳት ዝም የሚል ረዳት አብራሪ አንቀጥርም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደህናውን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ልጅሽ ናት፤ ሻንጣዋን ይዛለች። የሁለተኛው ዙር ፈተና ነገ ነበር፤ የመጀመሪያውን ያለፈ እዚያው ይቆያል ተብሎ ነበር።

እህት ዓለም፣ ደህና ሁኚልኝ። በሩን እኔው ልክፈትላት።

ወንድምሽ