ማፈኛ ያላት ጊታር

ሳን ፔድሮ፣ ካሊፎርኒያ
እሑድ፣ ኦክቶበር 20፣ 1963

ውድ ወንድሜ ቪንኮ፣

መርከባችሁ አሁን የትኛው ባሕር ላይ እንዳለ አላውቅም፤ ብቻ ባለህበት ሰላም ሁን። እኛ ደህና ነን። አባባ ከማጥመድ ሲመለሱ ትከሻቸውን ያማቸዋል፣ ግን አይናገሩም። ኖናም ደህና ናት። እማማ ከሞተች ወዲህ አልጋዋን ወደ እኔ ክፍል አዛውራ አያትነቷን ትታ ዘበኛ ሆናለች። ሬዲዮው አሁንም ጥቁር ጨርቅ እንደለበሰ ነው፤ እኔም እንደዚያው። የሐዘኑ ዓመት እስኪሞላ ሙዚቃ የለም፣ መስኮት ላይ መቆምም የለም። ከትምህርት ቤት ያስቀሩኝ ለጊዜው ነው ብለውህ ነበር፤ አሁን ያንን የሚያነሳ ሰው የለም። አባባ ዓመቱ ሲሞላ ዓሣ ፋብሪካ ያስገቡኛል፣ እማማ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ።

ጊታሩን ገዛሁልህ። «እጄን ታውቂዋለሽ፤ ለማዕበል ጋላቢዎቹ ሙዚቃ የምትሆነውን ምረጪልኝና እስክመጣ ሮይና የባንዳችን ልጆች ይጫወቱባት» ብለህ ስለጻፍክ ነው አባባ የፈቀዱት። ኖና አብራኝ ሄደች። የሱቁ በር አጠገብ ወንበር ሰጧት፣ ጀርባዋን ለጊታሮቹ ሰጥታ ተቀመጠች።

ሻጩ ሁለት አወረደልኝ። አንደኛዋ አንገቷ ረጅም ነው። የእኔ ጣቶች ገና ሲዘረጉ ይዝላሉ፣ ያንተ ግን ይደርሳሉ። ሁለተኛዋ አጠር ትላለች። ከክሮቿ ሥር ማፈኛ አላት፤ ስትጫናት አንድ ለስላሳ ነገር ከታች ተነሥቶ ክሮቹን ይነካቸዋል፣ ድምፁም እንደ ጠብታ ቁርጥ ይላል። ሻጩ ውስጡ የሽቦ ሞላ ካለበት የማስተጋቢያ ሣጥን ጋር ሲያገናኛት፣ ያ አንተ የምትወደው የውኃ ድምፅ መጣ። ለማን እንደሆነች ጠየቀኝ፣ ለወንድሜ አልኩት። እጁ ትንሽ ነው ወይ አለኝ። አጭሯን ያዝኩ። ማፈኛ ለማዕበል ሙዚቃ ጥሩ ነው ይላሉ።

የኤሌክትሪክ ጊታር ካልተሰካ ድምፁ ከዝንብ አይበልጥም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ኖና ስትተኛ ቁም ሣጥን ውስጥ እገባለሁ። ከእማማ ቀሚሶች መሀል ተቀምጬ፣ ማፈኛዋን አንሥቼ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ መምቻውን አንድ ክር ላይ ወደላይ ወደታች አርገበግበዋለሁ። ጊታር ካልተነካ ይበላሻል ስለሚባል ነው።

ትናንት ሮይ ሊወስዳት መጣ። ማታ ጭፈራ ቤት ይጫወታሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ሞከራትና ሳቀ።

«ይቺ የሕፃን አንገት ናት እንዴ? ቪንኮ ጣቶቹን ተራ በተራ ሊያስገባ ነው?»

አባባ ዞረው አዩኝ። እኔ ሰሃን ማጠብ ቀጠልኩ፤ ሰሃኑ ግን ቀድሞ ታጥቦ ነበር። ሮይ «ቢሆንም ትበቃናለች» አለ። አባባም «ይውሰዳት፣ ሐዘን ቤት ምን ትሠራለች» አሉ። ሮይ መያዣ ሣጥኗ ውስጥ አስተኝቶ ክዳኑን ሲዘጋ የሰሃን ጨርቁን ጨመቅኩት። አንድ ቃል ብቻ ብናገር ይበቃኝ ነበር።

ኖና ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ቀና ሳትል «አስቀምጣት፣ አንተ ልጅ» አለችው። «ባለቤቷ ገና አልጠገበቻትም።»

አባባ ባለቤቷማ ባሕር ላይ ነው አሉ።

«ባለቤቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት። አፌን ዘጋሁ እንጂ ጆሮዬ አልሞተም፣ ዮሲፕ። እዚያ አገራችን፣ ደሴቱ ላይ፣ ማንዶሊን እንዲህ የሚርገበገበው ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ነው።»

አባባ እውነት ነው ወይ አሉኝ። ጭንቅላቴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው። ሐዘኑን ያፈረስኩ መስሎኝ ነበር። ኖና ግን «የሞተችው የእኔ ልጅ ናት» አለች። በመጨረሻ አባባ ሣጥኑን ከሮይ ተቀብለው ከፈቱት፣ ጊታሯን ትተው የምትሰካበትን ገመድ ብቻ ጠቅልለው ሰጡት።

«ይኼን ውሰድ። እሷ ትቆይ።»

ስለዚህ ጊታሯ እዚሁ አለች፤ የምሰካበት ግን የለኝም። ረጅሟ ሱቁ መስኮት ላይ ናት። ስትመጣ ለእጅህ የምትሆነውን አብረን እንመርጣለን። ቪንኮ፣ ይህን ስጽፍ እንዳትቀየመኝ እየፈራሁ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ኖና ስትተኛ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አልገባሁም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ማፈኛዋን ዝቅ አደረግኩና ክሮቹን ለቅቄ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ኖና ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣

«ፍጠኚ እንጂ» አለች። «እንዲህ እየተጎተትሽማ ሙሽራዋ ከበሩ አትወጣም።»

ባሕሩ ይለስልስልህ፣ የእማማ ጸሎት ከፊትህ ይቅደም።

የምትወድህ እህትህ፣
ኔዳ