የካርታው ቁም ሳጥን

ውድ ቦቅቧቃ፣

በዚህ ስም የሚጠራሽ ሰው ከእኔ ሌላ የቀረ አይመስለኝም። አሁንማ መጽሐፍሽ ጀርባ ላይ «የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊ» ተብለሻል። ሳነበው ሳቄ መጣ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ መጽሐፉን ወዲያ ገፋሁት። አልዋሽሽም፣ ቅናት ነው።

እኔ ያው የተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነኝ። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ ያዘገየውን እቆጣለሁ፣ የተገነጠለውን እለጥፋለሁ። ካርታ የሚቀመጥበት የኋላው ክፍል ቁም ሳጥንም እዚያው አለ። ከጀርባው ተቀምጠን በአንድ ደብተር ስንጽፍ ትዝ ይልሻል? ታሪኩን የምትጀምሪው አንቺ ነበርሽ። ታሪኩ ውስጥ በሩ ሲጥ ሲል፣ እጀታው ሲዞር፣ እስክሪብቶውን ትወረውሪልኛለሽ። «አንቺ ጨርሺው፣ እኔ ፈራሁ።» «ፈሪ ለእናቱ» ብዬ እስቅብሽና እጨርሰዋለሁ። ከዚያ ደብተሩን ይዘሽ ከከተማው ወጣሽ። አልጻፍሽልኝም፤ እኔም ኮርቼ አልጻፍኩም።

ባለፈው ወር አንድ ካርቶን መጣ። አሥራ ሁለት ቅጂ፣ ለወጣቶች የተጻፉ አሥር አጫጭር አስፈሪ ታሪኮች፣ ሽፋኑ ላይ ያንቺ ስም ብቻ። ማውጫውን እንኳ አላየሁም። ያለ እኔ የጨረስሻቸውን ታሪኮች ለማንበብ ልቤ እምቢ አለ።

አንዱን ቅጂ አንዲት ባለ መነጽር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ወዲያው ተዋሰችው። በሳምንቱ ሠላሳ ልጅ ተሰለፈ። ስንት ዓመት ሙሉ «እባካችሁ አንብቡ» እያልኩ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ እነሱ ተሰልፈው ያንቺን ስም ሲጠሩ ደሜ ፈላ። ከዚያ ያደረግኩትን ልንገርሽ። የቀሩትን አሥራ አንድ ቅጂዎች የካርታው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩባቸው። ለልጆቹ «ገና አልተመዘገቡም» አልኳቸው።

አንብቤው ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ታሪክ ስለዚያው ቁም ሳጥን መሆኑን አውቅ ነበር። ባለ መነጽሯ ግን አንብባለች፣ ለክፍሏም አውርታለች። መጽሐፎቹ ድንገት ጠፉ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠለጠለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ቁም ሳጥኑ በላቸው» ይል ጀመር። መጽሐፍ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሁሉ ሊያዩ መጡ። የሒሳብ መምህሩን ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ያዝኩት።

«እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ግን የሆነ ነገር ተንኳኳ» አለኝ።

ላጠፋሽ ብዬ አነገሥኩሽ።

ትናንት ባለ መነጽሯ መጽሐፉን ስትመልስ ፊቷ ቅጭም ብሏል።

«ቲቸር፣ የመጨረሻው ታሪክ አላለቀም። እናቴ ትሙት፣ እኔ አልቀደድኩም።»

የተገነጠለ ገጽ መለየት ሥራዬ ነው። ስፌቱን ገልጬ አየሁት፤ ምንም አልጎደለም። በታሪኩ ውስጥ አንዲት ልጅ ቁም ሳጥኑ ፊት ቆማለች፣ ከውስጥ ይንኳኳል፣ እጀታው ይዞራል። ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ ነው። ሄጄ ካርቶኑን ከቆሻሻው መሃል ፈልጌ አወጣሁት። የላኪው ስም ያንቺ ነው፣ በራስሽ የእጅ ጽሑፍ።

ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ። ዘጠኙን ራስሽ ጨርሰሻቸዋል። ሰባተኛው እኔ ከምጨርሰው ይሻላል፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እየጎመዘዘኝ ነው። አሥረኛውን ግን እንደ ድሮው ወርውረሽልኛል፣ እኔም አንድ ወር ሙሉ ቆልፌበት ኖርኩ።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው እያዩኝ ቁልፉን ከፈትኩት። አሁንም እቀናብሻለሁ፤ ይህ በአንድ ቀን የሚለቅ አይደለም። መጨረሻው ግን ይኸው፦

ልጅቷ እጀታውን ሳበችው። ውስጥ ጭራቅ አልነበረም። አንዲት ሴት አሥራ አንድ መጽሐፍ ታቅፋ ቁጭ ብላለች። ቀና አለችና «ምነው ቆየሽ?» አለቻት።

ያችው የምትጨርስልሽ